አባባ፣ ድልድይ ነው

ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ጉልበትሽ ይብስብሽ ነበር፤ አሁንስ? ባለቤትሽ ጀልባውን አሳድሶ ጨረሰ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔም ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እንደ ልማዱ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ግን ደህና አይደለሁም። እማዬም ደህና አይደለችም። ደብዳቤውን በሰላምታው ላይ በውሸት ከጀመርኩት መጨረሻው ላይ አልደርስም።

የምጽፍልሽ ከሊሻን ተራራ አናት፣ ከዩማ የኮክ መሸጫ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ዩማን ታስታውሻታለሽ፤ አባባ ጎመን ሊጭኑ በመጡ ቁጥር መኪናውን ደጇ የሚያቆሙባት፣ ያቺ ምላሰኛ የተራራ ሴት። ወረቀቱም እስክሪብቶውም የእሷ ነው። ስልክም አላት። አልደወልኩልሽም። በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ካቋረጥሽኝ ደግሞ ተገላግዬ እዘጋዋለሁ።

በላክሽልኝ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሽኝ። «አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ሲነዱ ድልድዩ አፋፍ ላይ ቆመው የማያውቁ ሰው፣ ያን ቀን ለምን ቆሙ?» ብለሻል። ፖሊሶቹም ይህንኑ ጠይቀውኝ አላውቅም አልኳቸው። አጎት ዩዋን-ሼንግም ጠየቁኝ። እኔ የሚቀጥለውን ጭነት ላስር ዩማ ጋ ቀርቼ ነበር፣ አባባ ብቻቸውን ነው የወረዱት፣ አልኩ። ሁሉም አመኑኝ።

ቆመው አያውቁም ያልሽው ልክ አይደለም፣ እትዬ። ካለፈው መከር ጀምሮ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እዚያው ቦታ ይቆሙ ነበር።

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከጭልፊቷ ልጀምር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አንቺ አሥራ አራት። አባባ ጥቅል ጎመኑ ላይ አስቀምጠውን ስንወርድ አንዲት ጭልፊት አየሁ፤ ያየሁት ግን ጀርባዋን ነው። ጭልፊት ለሰው የምታሳየው ሆዷን ነው፤ ሰው ሁሉ ከታች ሆኖ ነው የሚያያት። ጀርባዋን ሳይ የት እንዳለሁ ጠፋብኝ። ላይ የቱ ነው፣ ታች የቱ ነው። ሰማዩ ከእግሬ ሥር የተዘረጋ መሰለኝ። አንቺ ክንዴን ይዘሽ ምን ሆንክ ስትይኝ፣ ራበኝ አልኩሽ። በዚህ ጉዳይ የዋሸሁሽ የመጀመሪያው ውሸት እሱ ነው።

ሰው ገደል መፍራት ማለት መውደቅን መፍራት ይመስለዋል። እኔ የምፈራው እጄን ነው። መሪውን ይዤ ጠርዙ አጠገብ ስደርስ እጄ የእኔ መሆኑ ይቀራል። ቀስ ብሎ፣ በትሕትና እንደማለት፣ ወደ ባዶው ማዞር ይፈልጋል። መንገዱ ወደዚያ ያዘነብላል። መኪናው ቆሞ ተራራው የሚሄድ ይመስለኛል። ነጩን መስመር ብቻ ልይ ብዬ ዓይኔን እሰካለሁ፤ መስመሩም ከአስፋልቱ ተነሥቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። እዚህ ሾፌሮቹ ገደል ይጠራል ይላሉ። ለነሱ አባባል ነው። እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት የአባባን ዓይን ሞራ ሲጋርደው፣ በአዲስ ዓመት ማዕድ ላይ እጄን ይዘሽ አስማልሽኝ። «ዳገቱንም ቁልቁለቱንም አንተ ትነዳለህ። አባባ ጎንህ ተቀምጠው ያውሩ እንጂ መሪ አይንኩ» አልሽ። ማልኩልሽ። ከዚያ በደወልሽ ቁጥር «ማነው የሚነዳው?» ትያለሽ፤ እኔ ነኝ እላለሁ።

ዳገቱን እኔ ነበርኩ። እሱ እውነት ነው። ሽቅብ ስትወጪ አለቱ በቀኝሽ ነው፤ ድልድዩ ላይም ቢሆን ከማዶ ግድግዳ የመሰለ አለት ስላለ ዓይንሽን እዚያ ላይ ትተክያለሽ። ቁልቁል ሲሆን ገደሉ ወደ ቀኝሽ ይዞራል። ቁልቁለቱን አንድም ቀን ነድቼ አላውቅም። እዚህ ስንደርስ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች እንዳያዩን ከዩማ ሽንት ቤት ጀርባ ቆመን ቦታ እንቀያየር ነበር።

ዩማ ግን አየች። «ልጅ ለዳገት፣ አባት ለቁልቁለት። እናንተ ቤት ጡረታ የሚወጣው ማነው?» አለች። አባባ ያን አፍ የሚያቀላ ፍሬያቸውን እያኘኩ፣ «ፍሬን ሲረግጥ እግሩን ያመዋል» አሏት። «ዳገቱን በአፍንጫው ነው እንዴ የሚነዳው?» አለች። አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መስታወቱን እየጠረጉ የሚያዩት የመስታወቱ ጉም ሳይሆን የዓይናቸው ሞራ እንደነበር አውቃለሁ። እያወቅሁ ቁልፉን እሰጣቸው ነበር።

ጎናቸው መቀመጡ ደግሞ ከመንዳቱ የባሰ ሆነ። ቁልቁል ስትወርጂ የገደሉ ወገን ለረዳት ነው የሚደርሰው፤ በሩ ከባዶው ጋር ይዋሰናል። ባለፈው መከር በሩን ከፈትኩት። መኪናው እየሄደ ነበር። ለምን እንደከፈትኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አባባ ኮቴን ጨምድደው ጎተቱኝ፤ በአንድ እጃቸው። በሩን ዘግተው፣ ማርሽ ቀንሰው፣ ወረዱ። ማታ ለእማዬም አልነገሯትም።

በሚቀጥለው ጭነት ገደሉ ከሚከፋበት ቦታ ስንደርስ አቆሙ። «ውረድ። በአለቱ በኩል በእግርህ ና። ድልድዩ አፋፍ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ። ሽንቴን ልሽና እንዳልኳቸው ዓይነት፣ እንደ ተራ ነገር።

ከዚያ ወዲህ እንዲያ ሆነ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አለቱን በእጄ እየዳበስኩ፣ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ጥዬ እወርዳለሁ። የሚያልፉት ሾፌሮች መስኮት ዝቅ አድርገው፣ «ምነው፣ ሽማግሌው አባረሩህ?» ይሉኛል። የጭነቱን ገመድ እያየሁ ነው እላለሁ። አንዱ፣ «ገመዱ እኮ ከመኪናው ጋር ሄዷል፣ ወንድሜ» ብሎኝ አለፈ።

አባባ ድልድዩ ከመጀመሩ በፊት መንገዱ ሰፋ ከሚልበት ጠርዝ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሌላ መቆሚያ የለም። እገባለሁ፤ ፊቴን ጉልበቴ ላይ እደፋለሁ፤ ድልድዩን ጨርሰን ዋሻው ውስጥ ስንገባ «አለቀ» ይሉኛል። ቀና እላለሁ። ስለሌላ ነገር እናወራለን። ስለ ጎመኑ፣ ስለ አንቺ።

ዩማ ሻይ አምጥታ ጎኔ አስቀምጣ ሄደች። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም።

አሁን ነፍሳቸውን ወደ ቤት ስለመለስንበት ቀን ልንገርሽ። መለስን ስላልንበት ቀን። አንቺ ከአስከሬኑ ጋር ቤት ነበርሽ። ቦታው ድረስ የሄድነው ነፍስ ጠሪው ሽማግሌ፣ አጎት ዩዋን-ሼንግና እኔ ነን። ሽማግሌው ጸለዩና ሁለቱን ሳንቲሞች ወረወሩ። አንዱ ፊቱን፣ አንዱ ጀርባውን ሰጠ፤ እሺ ማለት ነው። በመጀመሪያው ውርወራ። ሽማግሌው ተገረሙ። «ድንገት የሞተ ሰው እንዲህ ቶሎ አይነሣም። የሚጠብቁት ሰው ኖሮ ነው» አሉ። አጎት አለቀሱ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ስማቸው የተጻፈበትን እንጨትና የሚጨሰውን ዕጣን ይዤ የአጎት ጋቢና ውስጥ ገባሁ፤ ሽማግሌው ከኋላ በራሳቸው መኪና ተከተሉን። ደንቡን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ነፍስ ውሃ ብቻዋን አትሻገርም። የያዘው ልጅ በየድልድዩና በየዋሻው ጮክ ብሎ መጥራት አለበት፤ ነጂው ዞሮ አያይም፣ ቃል አይተነፍስም። አንድ ድልድይ ላይ ካልተጠራች ነፍስ እዚያው ከወንዙ ወዲያ ትቀራለች።

አጎት ሞተሩን አስነሡ። ድልድዩ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። እኔም እንደ ልማዴ ፊቴን ጉልበቴ ላይ ደፋሁ። ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቴ ያንን ቦታ ስለሚያውቀው ነው። ደፍቼ ጠበቅሁ። አለቀ የሚለኝን ነው የጠበቅሁት። ማንም አላለኝም። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፣ ጨለመ፣ ዋሻው ውስጥ ነበርን። ቀና አልኩና፣ «አባባ፣ ዋሻ ነው፣ ጎንበስ ይበሉ» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ ወዲያ አንድም አላለፈኝም። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ እስከ ቤት። እቅፌ ውስጥ የነበረው ባዶ እንጨት ነው።

ቤት የሆነውን ግማሹን አንቺ ራስሽ አይተሻል፤ አንቺ ከተመለስሽ በኋላ የሆነውን ግን አላየሽም። እማዬ ጠዋት ጠዋት ሩዙን፣ የቀርከሃውን ቡቃያ ሾርባ፣ የሚወዱትን የአሳማ ወጥ ሠርታ እንጨቱ ፊት ታቀርባለች። ዕጣኑ ግማሽ ሲደርስ፣ «በሉ?» ብላ ሳንቲሞቹን ትጥላለች። ሁለቱም ይደፋሉ። አልበሉም። እንደገና ታሞቀዋለች። በሰባተኛው ቀን ይመጣሉ ብላ ደፉ ላይ ዱቄት ነሰነሰች፤ በማግስቱ የድመት ዱካ እንኳ አልነበረበትም። አጎት ሊያጽናኗት ብለው፣ «ልጁ መንገዱን ሙሉ ሲጠራ ነው የመጣው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሏት። ይህን ሲሉ እኔን አላዩም። እማዬ፣ «እንግዲያ መንገድ ላይ ከማን ጋር ወሬ ይዘው ነው? ድሮም ወሬ ካገኙ አይነሡም» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው።

እሷም አልበላችም፣ እትዬ። እሳቸው ሳይቀምሱ እኔ አልጎርስም ብላለች። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው፤ ውሃና የሩዝ መረቅ ብቻ። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት በክር አሥራዋለች። ትናንት ልትነሣ ስትል ጠረጴዛውን ይዛ ቀረች። ሐኪሙ መጥቶ መርፌ ልስጣት ቢል፣ «ለባሌ ስጠው፣ እሱ ነው የራበው» ብላ መለሰችው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መጣሁ። አጎት ወዴት ነው አሉኝ። ዕጣን ልገዛ አልኳቸው። እንጨቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በብብቴ እንደያዝኩ እያዩ የመኪናቸውን ቁልፍ ሰጡኝና፣ «ነዳጁ ሙሉ ነው» አሉ።

አፋፉ ላይ ብርቱካናማ ጥብጣብ አጥረዋል። አባባን ከነመኪናቸው ይዞ የተናደው ጠርዝ እንደተገመጠ ዳቦ ነው። ዕጣን ለኮስኩ፣ ሳንቲሞቹን አወጣሁ። አባባ፣ እዚህ ነዎት? አንዱ ፊት፣ አንዱ ጀርባ። አሉ። ቤት እንሂድ? ሁለቱም ተደፉ። እንደገና። ተደፉ። እማዬ አልበላችም፣ እየጠበቀችዎት ነው። ተደፉ። ድልድዩ ላይ ስላልጠራሁዎት ነው? ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሰማይ ሰጡ፤ እየሳቁብኝ ነው ማለት ነው። እንደገና ስጥላቸው አንዱ ሳንቲም አላረፈም፤ በጎኑ ተንከባልሎ በጥብጣቡ ሥር አለፈ።

ከተገመጠው ጠርዝ አንድ ስንዝር ሲቀረው ጋደም ብሎ ቀረ።

በሆዴ ነው የሄድኩት። አስፋልቱ ጉንጬን እየፋቀው። ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ልፈልገው ብል አጣሁት። ከፈትኩ። ከታች ወንዙ እንደ ክር ነጥቷል። የአባባ ጎመኖች አሁንም ዳገቱ ላይ ተበትነዋል፤ ግማሾቹ በስብሰዋል፣ ግማሾቹ አረንጓዴ ናቸው። ሳያቸው ወደ ታች የወደቁ አልመሰሉኝም። ወደ እኔ የሚወጡ መሰሉኝ፣ ቀስ እያሉ። እጄ ያንን ትሕትናውን ጀመረ። ሳንቲሙን ጨበጥኩና እዚያው እንደተኛሁ፣ ሌላ ጥያቄ ስላልነበረኝ፣ ለእትዬ ልንገራት? አልኩ።

አንዱ ፊት፣ አንዱ ጀርባ። ሁለተኛም። ሦስተኛም።

ከዚያ ተነሥቼ ወረቀት ፍለጋ ወደ ዩማ ወጣሁ።

እንግዲህ ያን ቀን። ሦስት ቀን ሲዘንብ ሰንብቶ ነበር። ዩማ ጋ አልቀረሁም። ዩማ ስንሄድ እጇን አውለብልባልናለች፤ ፖሊሶቹ ሲጠይቋት፣ ሻይ ሳፈላ ነበር፣ አላየሁም አለች። ለምን እንደዋሸችልኝ አልጠየቅኋትም። ጉሙ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከመኪናው ስወርድ አባባ፣ «ቀስ በል፣ አለቱ ያንሸራትታል» አሉኝ። ጉም ሲሆን የት እንዳሉ እንዳይጠፋኝ አጠር አድርገው ጥሩንባ ያሰሙልኝ ነበር፤ ቆየት እያሉ፣ አንድ አንድ ጊዜ። አንዱን ሰማሁ። ቆይቶ ሌላውን ሰማሁ። ጫማዬ ውሃ አስገብቶ ስለነበር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አውልቄ አራገፍኩት። ካልሲዬን ጨመቅኩ። ጉሙ ገደሉን ስለሸፈነው ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልቸኮልኩም።

ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

ብዙ ጠበቅሁ፣ እትዬ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። የተጠየቅሁት እንድነግርሽ ነው፤ ነገርኩሽ።

ዩማ አሁን መጥታ፣ «መኪናውን ማን ነው የሚያወርድልህ?» አለችኝ። እኔ አልኳት። አልሳቀችም። የአውቶቡሱን ሾፌር ልለምንልህ አለች። እንቢ ስላት፣ «እንግዲያ ከሰዓት ድረስ ቆይ። ጉም ይወጣል። ጉም ካለ ገደሉ አይታይህም» አለች። ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ትሰጥልኛለች፤ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። የሚነዳ ሰው ፊቱን ጉልበቱ ላይ መድፋት አይችልም። ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። ነጂ ቃል አይተነፍስም የሚለውን ደንብ ዛሬ እጥሳለሁ፤ ሌላ ሰው የለኝም።

ይህ ሲደርስሽ መጀመሪያ ለእማዬ ደውዪላት። ስለ እኔ አትጠይቂያት። በላሽ? በያት። በላሁ ካለችሽ አባባ ገብተዋል፤ ሌላው ሁሉ ሌላ ጊዜ ይደርሳል። አልበላሁም ካለችሽ ግን ነይ። በባሕሩ በኩል ባለው መንገድ ነይ። እንጨቱን አንቺ ያዢ፤ ሴት ልጅ አትይዝም ይሉሻል፣ አትስሚያቸው። ለጠሪው ሽማግሌም ሁለት ስም እንዲይዝ እንጨቱን ሰፋ አድርገው እንዲቆርጡት ንገሪያቸው። ድልድዩ ላይ ጮክ በዪ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። መንገድሽ ሁሉ ሜዳ፣ ባሕርሽ ሁሉ ጸጥ ያለ ይሁንልሽ። ከእኔ የተረፈ ዕድሜ ካለ ለጉልበትሽ ይሁን።

ሰማዩ አሁን ጥርት ብሏል፤ ወንዙ ድረስ ይታያል። ጉም ሳይደፍነው ልሂድ።

ታናሽ ወንድምሽ